ቲማቲሙ ተመዘገበ፤ ባለሙያዋስ?

እስቲ ዛሬ ፖለቲካውን ለባለቤቶቹ ትተን ወደ ማጀት እንዝለቅ። «ወንድ ልጅ ማጀት ምን ያደርጋል?» የሚል አንባቢ ካለ ገጹን ገልብጦ ማለፍ መብቱ ነው። የሚቀረው ግን ከእኔ ጋር እጁን ይታጠብ።

ነገራችን የቲማቲም ፓይ ነው። ፓይ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን በኬክ ቤት መስታወት ውስጥ የሚታየው ጣፋጩ የፖም ፓይ ነው። ይኼኛው ስኳር አይነካውም፤ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ገብቶበት ለምሳ የሚቀርብ ነው። በአሜሪካ የደቡብ ክፍለ ግዛቶች ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ቲማቲም በየጓሮው ተትረፍርፎ ጎረቤት ለጎረቤት ሲሰጣጥ ይሠራል። እኔ የቀመስኩት ቨርጂኒያ፣ የአክስቴ ልጅ ቤት ነው። ከጎረቤቷ ተምራ፣ እናቷ ከአዲስ አበባ የላኩላትን በሶብላ ጣል አድርጋበት አቀረበችልን። ፈረንጆቹም የሚጨምሩበት የበሶብላን ዘመድ ስለሆነ እምብዛም አልራቀችም።

አሠራሩን ላስቀድም፤ ታሪኩ ያለው እዚያው ውስጥ ነውና። የፉርኖ ዱቄት በጨውና በቀዝቃዛ የገበታ ቅቤ በጣት ጫፍ ይፈተጋል። እንደ ፍርፋሪ ሲሆን ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ ጠብ እየተደረገ ይሰበሰባል። እንደ ዳቦ ሊጥ ማሸት የለም፤ ከታሸ ይደርቃል። ቀዝቃዛ ቦታ ካረፈ በኋላ በመዳመጫ ተዳምጦ፣ ጠርዝ ያለው መጋገሪያ ላይ ይነጠፋል። ከዚያ ወረቀት ተደርጎበት፣ እንዳይነፋ ደረቅ ባቄላ ተደፍቶበት መጀመሪያ ብቻውን ይጋገራል። ባቄላው ለክብደት ነው፤ ተመልሶ ይነሳል።

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቲማቲም ከመቶ 94 ወይም 95 እጁ ውሃ ነው። እንዲሁ ቆራርጠው ቢደረድሩት ያ ሁሉ የተደከመበት ሊጥ ሾርባ ውስጥ እንደወደቀ ዳቦ ይሆናል። ስለዚህ ቲማቲሙ በክብ በክቡ ይቆረጥና ጨው ተነስንሶበት ወንፊት ላይ ግማሽ ሰዓት ይቆያል። ውሃውን ሲጥል በንጹሕ ጨርቅ ጠበቅ ጠበቅ ተደርጎ ይደርቃል። ከሊጡ ወለል ላይ ቀድሞ የደረቀ ዳቦ ፍርፋሪ ወይም የተፈቀፈቀ ፎርማጆ ይነሰነሳል፤ የተረፈውን ውሃ የሚጠጣው ወይም የሚያግደው እሱ ነው። በላዩ ቲማቲሙ፣ በስሱ የተቁላላ ቀይ ሽንኩርት፣ በሶብላና ቁንዶ በርበሬ ይደረደራል። የላይኛው ልብስ ማዮኔዝና ፎርማጆ አንድ ላይ የተለወሰ ነው (ለጾመኛ እንደማይሆን ገብቷችኋል)። በ200 ዲግሪ ግማሽ ሰዓት ወይም ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ላዩ ቡናማ እስኪሆን ይጋገራል። ትኩሱን መቁረጥ ክልክል ነው፤ ካልረጋ ይፈሳል።

እንግዲህ ጨው ውሃ እንደሚያስወጣ፣ ፍርፋሪ ውሃ እንደሚጠጣ መጀመሪያ ያስተዋለው ማነው? መጽሐፍ ስናገላብጥ የምናገኘው የጻፈውን ሰው ነው። የቲማቲም ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ በዚህ የተሞላ ነው።

ቲማቲም የአሜሪካ ምድር ተክል ነው። ስሙ የመጣው አዝቴኮች ከሚናገሩት ከናዋትል ቋንቋ ነው፤ «ቶማትል» ይሉታል። ስፔኖች ቶማቴ አሉት፣ ዐረቦች ጠማጢም፤ የእኛ ቲማቲምም የዚሁ ዘመድ ነው። ጣሊያኖች «የወርቅ ፖም» ብለው ፖሞዶሮ አሉት፤ ከእነርሱ የተቀበለው ትግርኛ ደግሞ ኮሚደረ አደረገው። አንድ እንግዳ በሁለት በር ገብቶ በሁለት ስም ጎረቤታሞች ቤት ተቀመጠ ማለት ነው።

ጣሊያን ውስጥ ለፍሎረንሱ ገዢ ለኮዚሞ ዴ ሜዲቺ አንድ ቅርጫት ቲማቲም እንደቀረበለት የሚናገር ደብዳቤ የተጻፈው በ1548 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። አንቶኒዮ ላቲኒ የሚባለው የግብር ቤት አዛዥ የቲማቲም ሶስ አሠራር ኔፕልስ ላይ ያሳተመው ግን በ1692 ነው። መቶ አርባ አራት ዓመት! ደግሞም ሶሱን የጠራው «በስፔኖች አሠራር» ብሎ ነው። ስለዚህ ከእርሱ በፊት ድስት ጥዶ ያማስል የነበረ ሰው ነበር ማለት ነው። ብዕር ማጀት የሚደርሰው ወጡ ከወጣ በኋላ ነው።

ብዕር ብቻም አይደለም፤ ሕግም እንዲሁ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። በ1883 በወጣው የአሜሪካ የቀረጥ ሕግ አትክልት ከመቶ አሥር ቀረጥ ሲጣልበት፣ ፍራፍሬ በነጻ ይገባ ነበር። ኒክስ የተባሉ ነጋዴዎች ከካሪቢያን ደሴቶች ላስገቡት ቲማቲም ሲቀረጡ «ቲማቲም እኮ ፍሬ ነው!» ብለው የኒውዮርክን ወደብ የጉምሩክ ኃላፊ ሄደንን ከሰሱ። ሥነ ጽሑፍ ላስተማረ ሰው ችሎቱ ሠርግና ምላሽ ነው። ጠበቆቹ መዝገበ ቃላት ገልጠው ተናበቡ። አንዱ «ፍሬ» ማለት ምን እንደሆነ አነበበ። ሌላው አተርን፣ ዱባን፣ ቃሪያን አነበበ። ያኛው መልሶ ድንችን፣ ጎመንን፣ ካሮትን አነበበ። በ1893 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በዳኛ ሆራስ ግሬይ ብዕር ፈረደ፤ በዕፅዋት ሊቃውንት ዘንድ ቲማቲም ፍሬ ነው፣ በሕዝብ ዘንድ ግን ከሾርባ፣ ከዓሣና ከሥጋ ጋር በዋናው ማዕድ የሚቀርብ እንጂ ከምግብ በኋላ እንደሚመጣ ጣፋጭ ስላልሆነ አትክልት ነው ተባለ። ነጋዴዎቹ ተረቱ።

ልብ በሉልኝ፤ የአገሪቱ ትልቁ ችሎት መዝገበ ቃላቱን ዘግቶ ምስክር አድርጎ የቆጠረው ገበታውን ነው። ገበታውን የዘረጋው ማነው የሚለው ግን ጥያቄ ሆኖ አልተነሳም።

እኔ ላንሳው። ከአክስቴ ልጅ ቤት ሁለት ሰዓት ያህል በመኪና ቢነዱ ሞንቲቼሎ ይደርሳሉ፤ የሦስተኛው ፕሬዚዳንት የቶማስ ጀፈርሰን ርስት ነው። ጀፈርሰን መመዝገብ የሚወድ ሰው ነበር። የጓሮው መዝገብ ከ1809 ጀምሮ ቲማቲም መቼ እንደተዘራ ይናገራል። በዚያው በ1809 ሥልጣን ለቆ ሲመለስ፣ የሞንቲቼሎን ማጀት የተረከቡት ኤዲት ፎሴት ናቸው። አንቱ የምላቸው ዕድሜያቸውን ሳይሆን ሙያቸውን ቆጥሬ ነው፤ ያኔ ገና ሃያ ሁለት ዓመታቸው ነበር።

ኤዲት በባርነት የተያዙ ሴት ናቸው። በአሥራ አምስት ዓመታቸው ወደ ዋሽንግተን ተወስደው፣ በፕሬዚዳንቱ ቤት ኦኖሬ ዡልየን ከሚባለው ፈረንሳዊ ሼፍ ሥር ሙያውን ቀሰሙ። ደመወዝ የሚባል የለም፤ በወር ሁለት ዶላር ጉርሻ ነበረቻቸው። ባላቸው ጆሴፍ አንጥረኛ ናቸው፤ ሞንቲቼሎ ቀርተው ሳለ በ1806 እግሬ አውጪኝ ብለው ሚስታቸውን ፍለጋ ዋሽንግተን ድረስ ሄደው ተይዘዋል። ኤዲትም ከተመለሱ በኋላ ከፋኒ ኸርን ጋር ሆነው አሥራ ሰባት ዓመት ያንን ቤት አበሉ። እንግዳ በማይጠፋበት ቤት ገበታው ግማሹ የቨርጂኒያ፣ ግማሹ የፈረንሳይ እየተባለ ተመሰገነ። ምስጋናው ለባለቤቱ ነበር።

በ1824 ሜሪ ራንዶልፍ የምትባል የዚያው አገር እመቤት በደቡቡ ክፍል ስመ ጥር የሆነ የምግብ መጽሐፍ አሳተመች። ወንድሟ የጀፈርሰን አማች ነው። መጽሐፏ ውስጥ የተላጠ ቲማቲምና የተፈረፈረ ዳቦ እየተነባበረ፣ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬና ቅቤ ጣል ጣል እየተደረገበት፣ ላዩ ቡናማ እስኪሆን የሚጋገር ምግብ አለ። ሊጥ የለውም፤ ፓይ አይባልም። ነገር ግን ቲማቲሙን በምድጃ፣ ውሃውን በፍርፋሪ የማሸነፉ ዘዴ ከአክስቴ ልጅ ጎረቤት ፓይ ጋር አንድ ነው። ባሚያ ከቲማቲም ጋርም እዚያው መጽሐፍ ውስጥ አለ፤ ባሚያ ደግሞ ከአፍሪካ የተሻገረ ነው። በራንዶልፍ ቤት እሳት የሚያነዱት፣ ሽንኩርት የሚከትፉትና ድስት የሚያማስሉት ጥቁር ባሮች ነበሩ። መጽሐፉ የሚታወቀው ግን በእመቤቲቱ ስም ነው። እኛ «ሙያ በልብ ነው» እንላለን፤ ሲመቸን ደግሞ በልብ ያለውን ሙያ ባለቤት እንደሌለው ዕቃ እናነሳዋለን። የግብር አዳራሹ ስንት በሬ እንደታረደበት እየጠቀስን፣ የዶሮውን ወጥ የሠሩትን ሴት ስም አንድ ጊዜ እንኳ የማንጠራ እኛም ብንሆን በዚህ ነገር ቨርጂኒያን ለመውቀስ አፋችን አይደፍርም።

ጀፈርሰን በ1826 ዕዳ ትቶ ሞተ። በኑዛዜው ነጻ ያወጣቸው አምስት ወንዶች ናቸው፤ ጆሴፍ ፎሴት አንዱ ነበሩ፣ ሚስታቸው ግን የሉበትም። በጥር 1827 ከቤት ዕቃውና ከከብቱ ጋር 130 ሰዎች ለሐራጅ ቀረቡ። የፕሬዚዳንት ግብር ያበሉት ኤዲትም ከልጆቻቸው ጋር ተሸጡ። የአሥራ አንድ ዓመቱ ፒተር ለሌላ ሰው ደረሰ። ጆሴፍ በመዶሻቸው ደክመው፣ የዘመድ እርዳታ ተጨምሮበት፣ በ1837 ሚስታቸውንና ከልጆቻቸው የተወሰኑትን ነጻ አወጡ፤ ኋላም ወደ ሲንሲናቲ፣ ኦሃዮ ተሰደዱ። ፒተር ነጻ የወጣው በ1850 ነው።

ሲንሲናቲ ደርሶ የያዘው ሥራ ምን ነበር? ድግስ ማዘጋጀት። ከወንድሙ ከዊልያም ጋር በከተማው ስማቸው የተጠራ ደጋሾች ሆኑ። ፒተር በኋላ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መጋቢም ሆኗል። በ1900 ዕድሜው ሰማንያ አምስት ሲሆን ወዳጆቹ ገንዘብ አዋጥተው ወደ ሞንቲቼሎ ሰደዱት፤ እናቱ ያበስሉበት የነበረውን ቤት አይቶ ተመለሰ።