ዋልሽ፣ ፊል (እ.ኤ.አ. 1960–2015)

የአውስትራሊያ ሕግጋት እግር ኳስ ተጫዋችና አሰልጣኝ። በኮሊንግውድ፣ በሪችመንድና በብሪዝበን ቤርስ 122 ጨዋታዎች አድርጓል። ከዚያ ለረጅም ዓመታት በረዳትነት ሠራ፤ ፖርት አደሌድ በ2004 ዋንጫ ሲያነሳም ከረዳት አሰልጣኞቹ አንዱ ነበር። ዋና አሰልጣኝነቱን ያገኘው ዘግይቶ፣ ያውም በፖርት የከተማ ባላንጣ በአደሌድ ክሮውስ ነው። 12 ጨዋታዎችን ብቻ እንደመራ፣ ጁላይ 3 ቀን 2015 በ55 ዓመቱ በመኖሪያ ቤቱ ተገደለ።

ለአሰልጣኝ ዝና 12 ጨዋታ እጅግ ጥቂት ነው፤ ሐዘኑ ግን በዚያ የሚለካ አልነበረም። ደጋፊዎች በክለቡ ደጅ አበባና የአንገት ሻርፕ አኖሩ። በዚያው ምሽት ሜልበርን ላይ የተጋጠሙት የሀውቶርንና የኮሊንግውድ ተጫዋቾች ጨዋታው ሲያበቃ ተቀላቅለው፣ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው በክብ ቆሙ፤ በዚያ ሳምንት ሌሎች ቡድኖችም ተከተሏቸው። ክሮውስ ከጂሎንግ ጋር የነበረው ግጥሚያ ተሰርዞ ነጥቡ እኩል ተከፈለ። ጁላይ 19 ቀን ሁለቱ የአደሌድ ባላንጣዎች ተገናኙ፤ ዋልሽ ሁለቱንም ቤት ያውቃልና ሐዘኑ የጋራ ነበር። ክሮውስ በ3 ነጥብ አሸነፈ። በጊዜያዊ አሰልጣኝ ስኮት ካምፖሪያሌ እየተመራም ለፍጻሜ ውድድሮች በቅቶ ዌስተርን ቡልዶግስን ከጣለ በኋላ በሀውቶርን ተሸነፈ።