«ጠፈር» እና «መንኰራኵር» በኮምፒውተር ጨዋታ ትርጉም

በ1954 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1962) ስቲቭ ራስልና ባልደረቦቹ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም «ስፔስዎር» የተባለውን ጨዋታ ለፒ.ዲ.ፒ.-1 ኮምፒውተር አዘጋጁ። በኮምፒውተሩ ክብ መስተዋት ላይ፣ በእንግሊዝኛው «መርከብ» የሚባሉ፣ «መርፌ» እና «ሽብልቅ» የተሰኙ ሁለት በራሪዎች የአንድ ኮከብ ስበት እየሳባቸው ቶርፒዶ ይተኳኰሳሉ።

ይህን ወደ አማርኛ ስንመልስ ሁለት ነባር የግእዝ ቃላት እናገኛለን። «መንኰራኵር» ጥንት የሠረገላ እግር ነበረ፤ «ጠፈር» ደግሞ ጣራ፣ በኦሪት ዘፍጥረትም ውኃን ከውኃ የለየው ጽኑዕ ሰማይ ነው። ዛሬ የመጀመሪያው እግር የሌለውን በራሪ፣ ሁለተኛው ጣራ የሌለውን ባዶ ስፍራ ይጠራሉ። ፍቺያቸው ከጥንቱ ቢርቅም ልማድ አጽንቷቸዋል። ስለዚህ «የጠፈር መርከብ» ከማለት «የጠፈር መንኰራኵር» ማለትን እንመርጣለን፤ «መርከብ» አንባቢውን ወደ ባሕር ይመልሰዋልና።