ከኬላ እስከ ሊብሬ፦ የንግድ ተሽከርካሪ ምዝገባ ታሪክና የዓባይ ቁልቁለት

ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ የጭነት መኪና ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከዚህ ጉዞ ውስጥ አሽከርካሪውን የሚያስጨንቀው በደጀንና በጎሃ ጽዮን መካከል ያለው የዓባይ ሸለቆ ነው። መኪናው ከደጋው ተነሥቶ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ድልድዩን ተሻግሮም መልሶ ሽቅብ ይወጣል። ይህን መንገድ ደጋግሞ ያየ መሐንዲስ አንድ ጥያቄ ያነሣል፤ ይኸውም መንግሥት የንግድ ተሽከርካሪን የሚመዘግበው ለምንድን ነው የሚል ነው። ታሪካችን ለዚህ ጥያቄ በየዘመኑ የተለያየ መልስ ሰጥቶበታል።

የመጀመሪያው መልስ ቀረጥ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ የሚገኘው የበሶ ገበያ የታወቀ የሲራራ ነጋዴዎች መገናኛ ነበር። ከዓባይ ማዶ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ቡና የጫነው ነጋዴ በየኬላው እየቆመ ይከፍል ነበር። ኬላው የሚቆጥረው ጭነቱን ነው፤ የአጋሰሱ ጀርባ መቁሰል የባለቤቱ ጉዳይ እንጂ የኬላው ጉዳይ አልነበረም።

በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውቶሞቢል አጼ ምኒልክ ዘንድ ደረሰ። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ መንገዱ ሲስፋፋም የመኪናው ቁጥር በረከተ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የወጣው የሕግ ክፍል ማስታወቂያ ቁጥር 360 ስለ ተሽከርካሪዎች መለያ፣ ምርመራና ምዝገባ ደነገገ። የእነዚህ ሦስት ቃላት ቅደም ተከተል ሊስተዋል ይገባል፤ ምርመራ ከምዝገባ ይቀድማል። ሁለተኛው መልስ፣ ማለትም ደኅንነት፣ በሕጋችን ውስጥ ጎልቶ የገባው በዚህ መንገድ ነው።

በደርግ ዘመን ደግሞ ሦስተኛው መልስ፣ ቁጥጥር፣ ሚዛን ደፋ። የመኪና ባለንብረቶች በቀጠና ተደራጁ፤ ጭነቱ በተራ ይደለደል፣ ታሪፉም በመንግሥት ይወሰን ጀመር። በ1984 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 14 ገበያውን ለውድድር ከፈተ።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 51 ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ክልሎችን የሚያገናኙ ዋና ዋና መንገዶችን ለፌዴራል መንግሥት ሰጠ። አገር አቋራጭ የጭነት መኪኖች ለብዙ ዓመታት «ኢት» የሚል ታርጋ ሲለጥፉ በክልሉ የተመዘገቡት «አማ» የሚል የለጠፉት ከዚህ የሥልጣን ክፍፍል የተነሣ ነው። አዋጅ ቁጥር 468/1997 የትራንስፖርት ባለሥልጣንን አቋቋመ። አዋጅ ቁጥር 559/2000 የሦስተኛ ወገን መድንን ግዴታ አደረገ። አዋጅ ቁጥር 681/2002 ደግሞ የቀድሞውን የመለያ፣ የምርመራና የምዝገባ ደንብ በአዲስ ተካው።

ሕጉ እንግዲህ ተሟልቷል ማለት ይቻላል። ነገር ግን ቁልቁለቱ የሚጠይቀው ሌላ ነው። ከነጭነቱ 40 ቶን የሚመዝን መኪና አንድ ሺህ ሜትር ሲወርድ 400 ሚሊዮን ጁል ያህል ጉልበት ይለቃል። ይህም ከአንድ ሺህ ሊትር የሚበልጥ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። አሽከርካሪው በከባድ ማርሽና በሞተር ካልያዘው አብዛኛው ሙቀት ፍሬኑ ላይ ያርፋል፤ የጋለ ፍሬንም የመያዝ ኃይሉ ይደክማል። በዓመት አንድ ጊዜ ለቦሎ የሚደረገው ምርመራ ግን በሜዳ ላይ፣ ባልጋለ ፍሬን የሚደረግ ነው። በምርመራው ዕለት ያለፈ መኪና በሦስተኛው ወር የፍሬን ሸራው አልቆ ዓባይ አፋፍ ላይ ሊገኝ ይችላል፤ ቦሎው ግን ያኔም በመስተዋቱ ላይ ተለጥፎ ይታያል።

አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1935 ባወጡት የሞተር ማጓጓዣ ሕግ በክልሎቻቸው መካከል የሚሠራውን አጓጓዥ ራሱን በፌዴራል ደረጃ ፈቃድ እንዲያወጣ አስገደዱ፤ ለደኅንነቱም ተጠያቂ አደረጉት። በእኛም አገር አጓጓዡ ያለ ፈቃድ አይሠራም። እንግዲያው ፈቃዱ ሲታደስ ከሊብሬውና ከመድኑ ጋር የጥገና መዝገብ ቢጠየቅ፣ ፍሬኑ መቼ እንደታየና ማን እንደፈረመበት ቢጻፍ፣ አዲስ አዋጅ ሳያስፈልግ ብዙ ነፍስ ይድናል ብዬ አምናለሁ።

ያ ፊርማ የሚጠበቀው ከእኛ ከባለሙያዎቹ ነው። ኬላው የአጋሰሱን ጀርባ ሳያይ ጭነቱን ብቻ ቆጥሮ ያሳልፍ ነበር። እኛም ፍሬኑን ሳናይ ወረቀቱን ብቻ አይተን የምናሳልፍ ከሆነ ከኬላው ብዙ አልራቅንም።