የላስታ ዶሮ ከነመልኳና ከነስሟ

ከላሊበላ ከተማ ተነሥቶ ወደ አሸተን ማርያም ገዳም የሚወጣ መንገደኛ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ከፍ ወደሚለው ተራራ እስኪደርስ ድረስ በየመንደሩ አጥር ሥር አፈር የሚጭሩ ዶሮዎችን ማየቱ አይቀርም። ዓይኑ የሚያርፈው ግን በዓለቱ ላይ ነው። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ጎብኝቶ ከጻፈ ወዲህ ስለ ዓለቱ ብዙ ተብሏል፤ በአጥሩ ሥር ስላለችው ዶሮ ግን የታሪክ ተማሪ ሲጠይቅ እምብዛም አይሰማም። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የላስታና የአካባቢው ባላገር ዶሮውን በሚመርጥበት ዓይን ውበትና ጥቅም ተለያይተው እንደማይታዩ፣ ምርጫውም ራሱ የታሪክ ማስረጃ እንደሆነ ማስረዳት ነው።

፩. ስለ አመጣጧ

ዶሮ የአገራችን ነባር ወፍ አይደለችም። ዘሯ የተገኘው ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የጫካ ዶሮ ነው። በምሥራቅ ትግራይ መዝብር በተባለው የቅድመ አክሱም መንደር በተደረገው ቁፋሮ የዶሮ አጥንት ተገኝቶ፣ ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ800 እስከ 600 ዓመት ገደማ መሆኑ ተረጋግጧል። አጥኚዎቹ በቅድሚያ አጥንቱን ከጅግራና ከቆቅ አጥንት መለየት ነበረባቸው፤ እነዚህ ሁለቱ የአገሩ ተወላጆች ናቸውና። ከዚህ እንደምንረዳው፣ ንጉሥ ላሊበላ በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሲነግሥ ዶሮ በሰሜን ኢትዮጵያ ከ1700 ዓመት በላይ ኖራለች። በግዕዝ ዶርሆ፣ በትግርኛ ደርሆ፣ በአማርኛ ዶሮ፣ ከአገው ወገን በሆነው በብሌን ደግሞ ድርዋ መባሏ፣ ስሟ በሴምና በኩሽ ቋንቋዎች መካከል ሲወራረስ መኖሩን ያሳያል።

፪. ስለ መልኳና ስለ ስሟ

በአውሮፓ ባንታም የምትባል ትንሽ ዶሮ ለጓሮ ጌጥ ታረባለች። ስሟ በጃቫ ደሴት ካለው ከባንተን ወደብ የመጣ ነው፤ ከዚያ የሚነሡ መርከበኞች ትንንሾቹን ዶሮዎች ለስንቅ ይጭኑ ነበርና። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እንግሊዛዊው ሰር ጆን ሴብራይት ላባዋ ዳር ዳሩን በጥቁር የተከፈፈ ትንሽ ዶሮ አራብቶ በስሙ እስከ መጠራት ደረሰች። በዚያ ውበት ከጥቅም ተለይቶ ለብቻው ቆመ ማለት ነው።

የእኛም አገር ዶሮ ትንሽ ናት፤ የእናት ዶሮ ክብደት ብዙ ጊዜ ከ1 ኪሎ ተኩል አይበልጥም። መልኳም እጅግ ብዙ ነው። ባላገሩ ቀይ፣ ነጭ፣ ጥቁር እያለ ብቻ አያልፋትም። ላባዋ እንደ ገብስ እህል የተዥጎረጎረውን ገብስማ፣ እንደ ጅግራ ነጠብጣብ ያለባትን ዝግራማ፣ አንገቷ ላባ የሌላትን መላጣ ይላታል። በአውራ ዶሮውም አናት ላይ ያለውን ቀይ ሥጋ ነጠላና ድርብ ብሎ ይለያል። ከውጭ የመጣችው ወፍ በደጋው እህልና በአገሩ ወፍ ስም እንደተሰየመች እናስተውል። እንግዳ የነበረች ፍጥረት የቤት ልጅ መሆኗን የሚመሰክር ከዚህ የበለጠ ጽሑፍ አይገኝም።

ይህ ሁሉ ስም ለወሬ የወጣ አይደለም። ለበዓል ቀይና ባለ ድርብ አውራ ዶሮ ከጥቁሩ ይልቅ ይወደዳል። ነጭ ዶሮ ለዓይን ብታምርም፣ ከሩቅ ስለምትታይ ጭልፊት ይነጥቃታል ተብሎ ይፈራላታል። እ.ኤ.አ. በ1932 በጎንደር የዛርን ሥርዓት ያጠናው ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስም ለዛሮች የሚታረዱት ዶሮዎች በላባቸው ቀለም እንደሚመረጡ መዝግቧል። እንግዲህ መልክ ለገበያ ዋጋ፣ ለጥበቃ ሐሳብ፣ ለእምነትም መለያ ነው።

፫. ስለ ቤት ኑሮዋ

በላስታ የታወቀው ክብ የድንጋይ ቤት ብዙ ጊዜ ባለ ፎቅ ሲሆን፣ ምድር ቤቱ ለከብት፣ ላይኛው ለሰው ነው። ዶሮ በደጋው ብርድና በሸለምጥማጥ ምክንያት ከቤተሰቡ ጋራ በአንድ ጣራ ሥር በቆጥ ላይ ታድራለች። ዶሮ የሴት ገንዘብ ናት፤ እመቤቲቱ ዕንቁላሉን ሸጣ ጨውና ቡና፣ ለልጆቿም ደብተር ትገዛበታለች። ቄቧን ከጫጩትነቷ ጀምራ የምታውቃት እርሷ ናት፤ ለማረድ ግን ልማዱ ወንድ ይጠይቃል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋውም ዕንቁላሉም ስለማይበላ፣ የተጠራቀመው ዕንቁላል ይሸጣል ወይም ለታቃፊ ዶሮ ይሰጣል።

አውራ ዶሮው ደግሞ የሌሊቱ ሰዓት ቆጣሪ ነው፤ ለማሕሌት የሚነሣ ካህንና ለገበያ የሚነሣ መንገደኛ በጩኸቱ ይነቃሉ። በጸሎተ ሐሙስ የሚነበበው መጽሐፈ ዶርሆ፣ ታርዶ ለማዕድ የቀረበ አውራ ዶሮ በጌታ ቃል ሕይወት ዘርቶ ይሁዳን እንዲከታተል እንደተላከና የሴራውን ነገር በሰው አንደበት እንደተናገረ ይተርካል። ይህን የሰማ ምእመን ከሦስት ቀን በኋላ በፋሲካ ማዕድ 12 ብልት ሆኖ የተሠራውን ዶሮ ይቀምሳል። ባልንጀራ፣ ምስክርና ምግብ በአንድ ወፍ ተገናኝተዋል።

፬. ስለ ፈረንጅ ዶሮ

በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በጅማና በዓለማያ የእርሻ ትምህርት ቤቶች በኩል ሌግሆርንና ሮድ አይላንድ የተባሉ የውጭ ዘሮች ገቡ። ከእነርሱ ወዲህም ሌሎች ተከትለዋል። ሕዝቡ በአንድነት የፈረንጅ ዶሮ ብሎ የአገሩን የአበሻ ዶሮ አላት። ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ትልቅ ነው፤ የአበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 ዕንቁላል ስትጥል፣ የፈረንጇ በመልካም አያያዝ ከ200 በላይ ትጥላለች። ችግረኛ ቤት ይህን ትርፍ ሊንቅ አይችልም፤ እኛም አንንቀውም።

ነገር ግን ሌግሆርን ዕንቁላል መታቀፍን የተወች ዘር ናት፤ መኖም በየቀኑ ትጠይቃለች። የአበሻ ዶሮ ራሷ ጭራ ትበላለች፣ 21 ቀን ታቅፋ ትፈለፍላለች፣ ጫጩቶቿንም ከጭልፊት ትከላከላለች። ፈንግል የተባለው በሽታ መንደሩን ባጠፋ ጊዜ፣ በአንድ ቤት የተረፈች እናት ዶሮ ሁሉን እንደገና ትጀምራለች። ዕንቁላል ብቻ የሚቆጥር መዝገብ ይህን አይቆጥርም።

መደምደሚያ

ከላይ ካየነው እንደምንረዳው፣ ገብስማ ወይም ዝግራማ የሚለው ስም የብዙ ትውልድ እናቶች የመምረጥ ዕውቀት የተጠራቀመበት ነው። በአንድ መንደር ዝግራማ ዶሮ ስትጠፋ ቃሉም አብሮ ይጠፋል፤ ቃሉ ከጠፋ ደግሞ ምን እንደጠፋ የሚያውቅ አይኖርም። የዓለቱ ሥራ ጠባቂ አለው፤ የቆጧ ታሪክ ግን ከእመቤቲቱ አንደበት በቀር መዝገብ የላትም። ስለዚህ ጓደኞቻችን ተማሪዎች ለዕረፍት ወደየአውራጃቸው ሲመለሱ፣ የዶሮውን የመልክ ስም ከነምክንያቱ ከእናቶቻቸው እየጠየቁ እንዲጽፉ እናሳስባለን።