አንገት ይመክታል

«የማይንቀሳቀስ እንቅስቃሴ» የሚል አባባል በጤና ምክሮች መካከል ብቅ ብቅ ማለት ጀምሯል። አይሶሜትሪክ ለሚባለው የጡንቻ ልምምድ የተሰጠ ስም መሆኑ ነው። ስሙ ተነግሮ ሳያበቃ ራሱን በራሱ ያፈርሳል፤ የማይንቀሳቀስ ከሆነ እንዴት እንቅስቃሴ ይባላል? ጥፋቱ ስፖርቱን ሁሉ «እንቅስቃሴ» እያሉ ከመጥራት የመጣ ነው። «ልምምድ» ቢባል ግጭቱ ወዲያው ይጠፋል።

ነገሩ ራሱ ለብዙዎች እንግዳ አይደለም። መዳፍ ግንባርን ይገፋል፣ ራስ ንቅንቅ ሳይል ይቋቋማል፤ በግራና በቀኝ፣ ከኋላም እንዲሁ። ጡንቻው ይሠራል፣ ርዝመቱ ግን አይለወጥም። እ.ኤ.አ. በ2003 ውጤቱ በታተመ የፊንላንድ ጥናት፣ አንገታቸውን ለረጅም ጊዜ ያመማቸው 180 የቢሮ ሠራተኛ ሴቶች ተሳትፈው ነበር። የላስቲክ ገመድ እየተጠቀሙ፣ አብዛኛውን ጊዜ በየቤታቸው፣ አንገታቸውን በዚሁ የአይሶሜትሪክ ዘዴ በብርቱ ካለማመዱት መካከል ከዓመት በኋላ 73 በመቶው ሕመሙ በእጅጉ ቀለላቸው ወይም ጨርሶ ለቀቃቸው። ከማነጻጸሪያው ቡድን እንዲህ የሆነላቸው 21 በመቶው ብቻ ናቸው። ክንድ የሚያደነዝዝ ወይም ከአደጋ በኋላ የመጣ ሕመም ግን አስቀድሞ ሐኪም ይየው።

እንዲህ ያለ ጥቅም ያለው ልምምድ ደህና ስም ይገባዋል። በግሪክኛ ኢሶስ እኩል፣ ሜትሮን ልክ ማለት ነው። ግእዝ ወዳዱ «ዕሩየ መስፈርት» ቢለው ሰዋስዉ ያስኬደዋል። ዕሩይ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያከበረው ቃል ነው፤ ሆኖም ማጅራቷን የያዛት ሴት ይህን ሰምታ ምን እንደምታደርግ አታውቅም።

«ግተራ»ስ? ገተረ ወጥሮ ቀጥ አድርጎ ያዘ ማለት ስለሆነ በትርጉም ይቀርባል። ግን አማርኛ ይህን ሥር ከአንገት ጋር ቀድሞ አቆራኝቶታል፤ ማጅራት ገትር ሕዝብ ያለቀበት በሽታ ነው። አንገቱን ለታመመ ሰው «አንገትህን ገትር» ማለት ማስደንገጥ ነው።

የሚሻለው ምከታ ነው። ጋሻ የያዘ ሰው ጦር ሲመጣበት ይመክታል፤ ቦታውን ሳይለቅ የመጣውን ኃይል ይቋቋማል። አንገትም በመዳፍ ፊት የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ቃሉ የጦር ሜዳ ሽታ አለው የሚል ቢኖር፣ ከዚሁ ሥር የወጣው መከታ ወላጅ ለሞተበት ልጅ የሚቆመው ዘመድ ስም መሆኑን ያስታውስ። ከሁሉ በላይ ምከታ ግስ አለው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አንዲትን እናት «አይሶሜትሪክ ያድርጉ» ቢላቸው ማብራራት ይቀረዋል። «እጅዎ ይግፋ፣ አንገትዎ ይመክት» ቢላቸው ግን ልምምዱን በዚያችው ዓረፍተ ነገር አስተምሮ ጨረሰ። አማርኛ ከአንድ ሥር ስም፣ ትእዛዝና ድርጊት የሚያወጣ ቋንቋ ሆኖ ሳለ በተውሶ ቅጽል ብቻ እንዲናገር ማስገደድ በደል ነው።

ቃሉ ከአንገትም ያልፋል። ጀርባን ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ ጉልበትን አጥፎ መቆየት የጭን ምከታ ይባላል፤ በክንድና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ከመሬት ከፍ አድርጎ መያዝ ደግሞ የሆድ ምከታ።