የጅዳና የመካ በትር

በጅዳና በመካ የቤተሰብ ድግስ ወይም ብሔራዊ በዓል ሲሆን ነጭ የለበሱ ወንዶች በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ አንዳንዴ 15፣ አንዳንዴ እስከ 100 ይደርሳሉ። ከበሮው ይመታል፣ አውራጁ ስለ ጀግንነት፣ ስለ ለጋስነት ወይም ስለ ፍቅር ያወርዳል፣ ረድፉ እያጨበጨበ ይቀበላል። ከዚያ ሁለት ሰዎች በትር ይዘው ወደ መሃል ይወጣሉ፤ በትሩን በፍጥነት ሲያሽከረክሩ ይቆዩና ቦታውን ለሌሎች ሁለት ይለቃሉ። ይህ ጅዳና መካ የሚገኙበት የምዕራብ ሳዑዲ ዓረቢያ አካባቢ፣ የሒጃዝ፣ ሚዝማር ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2016 ከሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች አንዱ አድርጎ መዝግቦታል። ብዙ ሰው የሚያውቀው በጭፈራነቱ ነው። እኔ ግን ከውጊያ ጥበብ ታሪክም ቦታ ይገባዋል እላለሁ፤ በመሃል ያሉት ሁለቱ የሚለማመዱት መምታትን ሳይሆን ፊት ለፊት የቆመውን ሰው ማንበብ ነውና።

ይህ ዓይነቱ ልምምድ በስም ተለይቶ ከሚታወቅባቸው አገሮች አንዷ ቻይና ናት። ይፕ ማን ከፎሻን ወደ ሆንግ ኮንግ ተሻግሮ ከ1950 ጀምሮ ያስተማረው ዊንግ ቹን በቅርብ ርቀት የሚካሄድ የእጅ ፍልሚያ ነው። ቺ ሳኦ የተባለው ልምምዱ ሁለት ሰዎችን ክንድ ለክንድ ያገናኛል፤ ክንዳቸውን እያዞሩ አንዱ የሌላውን ግፊት በቆዳው ይለያል፣ ግፊቱ ሲላላ እጁን ያስገባል። በሚዝማር ክንድ ከክንድ አይገናኝም፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው፣ መሸፋፈንም አያስፈልግም። በሚዝማር የንክኪውን ሥራ የሚሠራው ከበሮው ይመስለኛል። ሁለቱም አንድ ምት ስለሚሰሙ፣ አንደኛው ከምቱ ሲቀድም ወይም ወደኋላ ሲቀር ሌላው ወዲያው ያውቅበታል። በትሩ በፊቱ ሲያልፍ ርቀቱን ያልለካ ሰው ደግሞ ዋጋውን በግንባሩ ይከፍላል።

«ጨዋታ ጨዋታ ነው፣ ሥልጠና ማለት ማጋነን ነው» የሚል ይኖራል። ክርክሩ አዲስ አይደለም፤ በዚያው በሒጃዝ በእስልምና መጀመሪያ ዘመን ተነስቷል። ቡኻሪና ሙስሊም በሰበሰቧቸው ሐዲሶች እንደተዘገበው፣ በመዲና ሐበሾች በነቢዩ መስጊድ በጦርና በጋሻ ሲጫወቱ የነቢዩ ሙሐመድ ባለቤት አዒሻ ከጀርባቸው ሆና ትመለከት ነበር። የነቢዩ ባልደረባ ዑመር ሊከለክላቸው ጠጠር አነሳ፤ ነቢዩ ተዋቸው አሉት። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ያረፈው ግብጻዊ ሊቅ ኢብን ሐጀር አል-አስቀላኒ በቡኻሪ ማብራሪያው፣ የጦር ጨዋታ ተራ ጨዋታ እንዳልሆነ፣ ደፋሮችን ለጦር ሜዳ የሚያለማምድና ለጠላት የሚያዘጋጅ መሆኑን አስፍሯል። ይህ የሚዝማርን ምንጭ አያረጋግጥም፤ ከዚያ ዘመን እስከ ዛሬ የተዘረጋ የማያሻማ ሰንሰለትም የለም። የሚያሳየው ሌላ ነገር ነው፦ በሥርዓት የሚካሄድ የመሣሪያ ጨዋታን እንደ ልምምድ የሚያይ መነጽር ከጥንትም ነበር። በአገራችን ጉግስ ያየ ሰውም ነገሩ አይጠፋውም።

ከበድ ያለው ተቃውሞ በሚዝማር ዙሪያ የሚነሳው ጠብ ነው። የድሮዋ ጅዳ በሻም፣ በየመን፣ በመዝሉምና በባሕር ሠፈሮች የተከፈለች ነበረች፤ መካም የየራሳቸው ጎረምሶች ያሏቸው ሠፈሮች ነበሯት። የሠፈር ለሠፈር ፉክክሩ በዱላ ያልቅ እንደነበር በ1885 መካ የተቀመጠው ሆላንዳዊው ምሁር ስኑክ ሁርግሮንየ ዘመን ሳይቀር የታወቀ ነው፤ የሚዝማር ምሽትም አንዳንዴ በድብድብ ይበተን ነበር። ታዲያ ሰው መፈንከቻ የሆነ ጭፈራ ሌላውን ማንበቢያ ነበር እንዴት ይባላል? ለኔ ጠቡ ክርክሩን ያጠናክረዋል። ጠብ የሚነሳው ብዙ ጊዜ አንዱ ተራውን ሳይጠብቅ ወይም ሳይፈቀድለት ሲገባ ነው። ደም የሚፈሰው በአብዛኛው ደንቡ ሲጣስ ከሆነ፣ ደንቡ ሲከበር በትሩን ከራስ ቅል የሚያርቀው አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ማንም በማይጎዳበት ሸንበቆ ቢጫወቱ ኖሮ ይህ ችሎታ ባላስፈለገም። ቺ ሳኦም ቢሆን ጉራ ሲገባበት ወደ ቡጢ ይዞራል፤ ለዚህ ብሎ ልምምድ አይደለም የሚለው ግን የለም።

የሚዝማር ምንጩ አፍሪካ ነው የሚሉ አሉ፤ ቀይ ባሕርን ስንት ሐጃጅና ስንት ባሪያ እንደተሻገረ ለሚያውቅ ግምቱ እንግዳ አይሆንበትም። የግብጽ የበትር ጨዋታ ተሕቲብ በዚያው በ2016 ተመዝግቧል፤ የዚህ ጨዋታ ሥዕሎችም ከ4,000 ዓመት በላይ ዕድሜ ባላቸው የፈርዖኖች ቅርጾች ላይ ይታያሉ። ነገር ግን ሁለት ሰዎች በበትር መጫወታቸው ብቻ ዝምድናን አያረጋግጥምና በዚህ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም።

ይልቅ የሚያሳስበው የኋለኛው ለውጥ ነው። የጅዳ ግንብ በ1947 ፈርሶ ከተማዋ ስትሰፋ፣ ባለ እንጨት መስኮት ቤቶቹን እየተዉ የወጡት ቤተሰቦች የሠፈር ጓደኝነቱንም በታተኑት። ዛሬ በመድረክ የሚወጣ ቡድን አስቀድሞ ተለማምዶ ይመጣል፤ ማን ከማን ጋር እንደሚወጣ፣ በትሩ መቼ እንደሚነሳ ይታወቃል። ዓይን ይማርካል፤ ግን የሚፈተነው ማስታወስ እንጂ ማንበብ አይደለም። ጥንዶቹ አስቀድመው ባልተመደቡበት የቤተሰብ ድግስ ላይ፣ አጎትና የእህት ልጅ በድንገት ፊት ለፊት ሲወጡ ግን አንዱ የሌላውን ትከሻ ከማየት ሌላ መንገድ የለውም።