የቤት ውስጥ ቧንቧ ሥራ በጉለሌ

የቤት ውስጥ ቧንቧ ሥራ ንጹሕ ውሃን ከመንገድ መስመር ወደ ግቢ የማስገባት፣ ወደ ኩሽና፣ ወደ መታጠቢያና ወደ መጸዳጃ የማከፋፈል፣ የተጠቀሙበትንም መልሶ በፍሳሽ መስመር የማስወጣት ሙያ ነው። በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ጫፍ፣ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ በተንጣለለው ጉለሌ ክፍለ ከተማ ይህን ሥራ የሚገዙት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንዱ የመሬቱ ተዳፋት፣ ሌላው የውሃው በፈረቃ መምጣት። ጣሪያ ላይ ከሚቀመጠው የውሃ ታንከር (ሮቶ) አንስቶ ለባለሙያው ሳይከፈል እስከሚቆየው ቀሪ ሒሳብ ድረስ ያለው ልማድ በአብዛኛው ከእነዚህ ከሁለቱ የመነጨ ነው።

ስያሜ

በአማርኛ «ቧንቧ» የሚለው ቃል ብዙ ሥራ ይሠራል። በግድግዳ ውስጥ የተቀበረው መስመርም ቧንቧ ነው፤ ተከፍቶ የሚዘጋው የውሃ አፍም ቧንቧ ነው፤ «ቧንቧ አስገባን» ሲባል ደግሞ የአገልግሎት ውሉ ጭምር ማለት ነው። ስለዚህ «ቧንቧዬ ተበላሸ» የሚል ስልክ የደረሰው ባለሙያ አንዲት ጎማ ይዞ ይምጣ ወይስ ግድግዳ መፈንቀያ፣ ሳይጠይቅ ሊያውቅ አይችልም።

የቃሉ ምንጭ አከራካሪ ነው። ጣሊያንኛው «ፖምፓ»፣ ፈረንሳይኛው «ፖምፕ»፣ ፖርቱጋልኛው «ቦምባ» ሦስቱም የውሃ መሳቢያ ማለት ሲሆን፣ ትግርኛውም የውሃ ቧንቧን «ቡምባ» ይለዋል። ትግርኛው ለአማርኛው መቅረቡ፣ ቃሉ ጣሊያኖች ኤርትራን በያዙበት ዘመን በሰሜን በኩል ገብቶ ይሆናል ለሚለው ግምት ድጋፍ ይሰጣል። በአንጻሩ በአዲስ አበባ የመጀመሪያው የውሃ መስመር የተዘረጋው ጣሊያኖች ከተማዋን ከመያዛቸው ከአርባ ዓመት በላይ ቀድሞ በመሆኑ፣ ቃሉ ከቤተ መንግሥቱ የውጭ ባለሙያዎች አፍ የተወሰደም ሊሆን ይችላል። ከመሳሪያው ስም ወደ መስመሩ ስም የተደረገው ሽግግር ግን በሁለቱም መንገድ አንድ ነው፤ ውሃ የሚስበው ዕቃ ስሙን ውሃ ለሚያልፍበት ዕቃ አውሶታል።

የጣሊያንኛ አሻራ በሌሎቹ ስሞች ላይ ይበልጥ ግልጽ ነው። የእጅ መታጠቢያው ላቫንዲኖ፣ ገላ መታጠቢያ ገንዳው ባኞ፣ ሽታ የሚከለክለው ጠማማ ቱቦ ሲፎን ይባላል። የሕዝብ የውሃ ማደያው «ቦኖ»ም ከዚሁ ወገን ይመስላል። በጣሊያንኛ ተቀራራቢው ቃል «ጥሩ» ማለትም «ኩፖን» ማለትም ስለሆነ፣ በክፍያ ለሚቀዳ ውሃ ሁለተኛው ትርጉም የተሻለ ይስማማል። አዳዲሶቹ ስሞች ማለትም ኤልቦ (ማጠፊያ)፣ ዩኒየን (ማገናኛ)፣ ፍላሽ (የመጸዳጃ ውሃ መልቀቂያ) እና ፒፒአር (የፕላስቲክ ቱቦ) ግን ከእንግሊዝኛ የመጡ ናቸው። «ሮቶ» የአንድ አምራች ድርጅት የንግድ ስም ሲሆን ዛሬ ማንኛውም የፕላስቲክ ታንከር በእሱ ይጠራል።

ታሪክ

ከቧንቧ በፊት ከተማዋ የምትጠጣው ከእንጦጦ የሚወርዱ ምንጮችንና ወንዞችን ነበር። ማመላለሻው እንስራ ነው። ዛሬ በጉለሌ ክልል ያለው ቀጨኔ ደግሞ በሸክላ ሠሪዎቹ የታወቀ ሰፈር ነው፤ የከተማዋ የውሃ ዕቃ ከቧንቧ በፊት የሸክላ ሥራ ነበርና ሰፈሩ በዚህ ታሪክ ውስጥ ተገቢ ቦታ አለው።

የመጀመሪያው መስመር የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት መስመር ነው። ሥራው የስዊሱ መሐንዲስ የአልፍሬድ ኢልግ ሲሆን የተዘረጋውም በ1880ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ገደማ ነው። ውሃው ከእንጦጦ ተዳፋት ተጠልፎ ወደ ሸለቆው ከወረደ በኋላ ቤተ መንግሥቱ ወዳለበት ኮረብታ መልሶ ይወጣል። ይህ መውጣቱ ነበር የከተማውን ሰው ያስደነቀው፤ ውሃ ቁልቁል እንጂ ሽቅብ ሲሄድ ያየ አልነበረምና ነገሩ ግጥም እስከ መገጠም ደርሷል። ተአምሩ ቀላል ነው። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ያለ ውሃ መነሻው ከመድረሻው ከፍ ብሎ እስካለ ድረስ በመካከል ያለውን ሸለቆ ሁሉ ወርዶ ይወጣል። ዛሬ አንድ የጉለሌ ባለሙያ ከማማ ላይ ካለ ሮቶ መስመሩን በወለል ሥር አሳልፎ ሻወሩ ጋ ሲያወጣ የሚጠቀመው ይህንኑ ሕግ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የግድቦች ታሪክ ነው። በምዕራብ ገፈርሳ በ1930ዎቹ ዓ.ም.፣ በምሥራቅ ለገዳዲ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ቀጥሎም ድሬ በ1991 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ጀመሩ፤ የአቃቂ ጉድጓዶችም ተጨመሩ። የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን የተቋቋመው በ1963 ዓ.ም. ነው።

ከፍታና ግፊት

የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ሲሆን የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ሽሮ ሜዳ፣ ቀጨኔ፣ አዲሱ ገበያና ዊንጌት ያሉት በዚህ አቀበት ላይ ነው። እያንዳንዱ 10 ሜትር ከፍታ ከውሃው ላይ አንድ ባር ያህል ግፊት ይቀንሳል። በመሆኑም በአንድ መስመር ላይ ያሉ ሁለት ቤቶች ፍጹም የተለያየ ችግር ሊኖርባቸው ይችላል። ከታች ያለው ሌሊት በሚበረታው ግፊት የፍላሽ መሙያው ይፈነዳበታል፤ ከላይ ያለው በዚያው ሌሊት ቧንቧውን ከፍቶ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል።

ትንፋሹ ቀልድ አይደለም። ውሃ ሲጠፋ መስመሩን አየር ይሞላዋል፤ ውሃው ሲመለስ አየሩን እየገፋ ይመጣል። በተለመደው ሜካኒካዊ ቆጣሪ ውስጥ ያለው የሚሽከረከር ክፍል በአየርም ሊዞር ስለሚችል፣ «አየር ቆጥሮብን ነው» የሚለው የደንበኞች አቤቱታ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። መጠኑ ግን እንደ መስመሩ ርዝመትና እንደ አየሩ ፍጥነት ይለያያል።

ከፍታው በፓምፕም ላይ ይፈርዳል። ፓምፕ ውሃ የሚስበው የአካባቢው የአየር ግፊት ውሃውን ከታች ስለሚገፋለት ነው። በባሕር ዳርቻ ይህ ግፊት ውሃን እስከ 10.3 ሜትር ሊያነሳ ይችላል፤ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ግን ጣሪያው ወደ 7.6 ሜትር ይወርዳል። በቱቦው ውስጥ ያለው ሰበቃ ሲቀነስ በተግባር የሚተማመኑበት 5 ሜትር ገደማ ነው። በፓምፑ ሳጥን ላይ የታተመው የመሳብ አቅም ብዙውን ጊዜ ለባሕር ወለል የተሰላ ስለሆነ፣ ጽሑፉን አምኖ ፓምፑን ፎቅ ላይ የተከለ ሰው ያለ ውሃ የሚጮህ ሞተር ይተርፈዋል። ፓምፑ ከመሬት ታንከሩ አጠገብ፣ ቢቻል ከውሃው ወለል ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ከመንገድ መስመር በቀጥታ መሳብ ደግሞ የጎረቤትን ድርሻ ከመውሰዱ በላይ በመስመሩ ውስጥ ባዶ ግፊት ይፈጥራል፤ መስመሩ የተሰነጠቀበት ቦታ ካለ በዙሪያው ያለው የጭቃ ውሃ ወደ ውስጥ ይገባል።

ማጠራቀሚያ

በፈረቃ አካባቢ ቤት የሚኖረው ከመስመሩ ሳይሆን ከታንከሩ ነው። የተለመደው ሮቶ 1,000 ሊትር ይይዛል፤ ሲሞላ አንድ ቶን ነው ማለት ነው። ብሎኬት ቤት ላይ ያለ የኮንክሪት ጣሪያ ይችለዋል። የጭቃ ቤት ግን ስለማይችለው ታንከሩ ግቢ ውስጥ በብረት ማማ ላይ ይወጣል፤ ማማው የሚያርፍበት መሠረትም በተዳፋት ላይ ስለሆነ በክረምት ጎርፍ እንዳይቦረቦር ይታያል። ሦስት ሜትር ማማ የሚሰጠው ግፊት 0.3 ባር ብቻ ነው። ለላቫንዲኖ ይበቃል፤ ለሻወር ግን ያንገራግራል።

ውሃው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሌሊት ስለሆነ የታንከሩ ተንሳፋፊ መዝጊያ ከዕቃዎቹ ሁሉ ርካሹና አስፈላጊው ነው። መዝጊያው ከተጣበቀ ታንከሩ ሞልቶ ይፈሳል፤ በአቀበት ሰፈር የፈሰሰው የሚወርደው ከታች ወዳለው ጎረቤት ግቢ ነው። ሌላው ጥንቃቄ የመጀመሪያውን ውሃ ይመለከታል። መስመሩ ባዶ ሰንብቶ ሲሞላ ዝገትና አፈር ይዞ ቡናማ ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ በታንከሩ መግቢያ ላይ መዝጊያ፣ ከእሱም በፊት አንድ የግቢ ቧንቧ ይተከላል። መዝጊያው ተዘግቶ የግቢው ቧንቧ ይከፈታል፤ ውሃው በባልዲ ተቀድቶ ሲጠራ ወደ ታንከሩ ይለቀቃል። ቡናማው ለወለል ማጠቢያ ይሆናል።

መስመርና መገጣጠሚያ

በአሮጌዎቹ ቤቶች ያለው መስመር በዚንክ የተለበጠ የብረት ቱቦ ነው። ጥርስ ወጥቶለት፣ በጥርሱ ላይ ቃጫ ወይም ቴፍሎን ተጠምጥሞ ይታሰራል። ብረቱ ከውስጥ እየዛገ ቀዳዳው ይጠባል፤ ሃምሳ ዓመት የሞላው የግማሽ ኢንች ቱቦ ሲቆረጥ አንዳንዴ እርሳስ የማያሳልፍ ሆኖ ይገኛል። ባለቤቱ «ግፊት የለም» ሲል የኖረው ምናልባት ስለ መንገዱ ሳይሆን ስለራሱ ግድግዳ ነበር።

አዲሱ መስመር ፒፒአር ነው፤ በሙቀት የሚገጣጠም ፕላስቲክ። የውጭ ስፋቱ 20 ሚሊ ሜትር የሆነው የግማሽ ኢንቹን ቦታ ይተካል። ፕላስቲኩን የሚያቀልጠው ማጋያ እስከ 260 ዲግሪ ይሞቃል። የቱቦው ጫፍና ኤልቦው በአንድ ጊዜ በማጋያው ሁለት ጎን ይሰካሉ፤ ለ20 ሚሊ ሜትር 5 ሰከንድ፣ ለ25 ሚሊ ሜትር 7 ሰከንድ ይቆያሉ። ከዚያ ተነቅለው ሳይጠማዘዙ ቀጥ ብለው ይገፋሉ። በጥሩ መገጣጠሚያ ዙሪያውን የተስተካከለ ቀለበት ይታያል። ቸኩሎ የነቀለው ይለያያል፤ አብዝቶ ያቆየው ደግሞ የቀለጠው ፕላስቲክ ወደ ውስጥ ገብቶ ቀዳዳውን ይደፍነዋል፤ ይህ ስህተት ከውጭ አይታይም። መብራት በሄደበት ሰዓት ማጋያው ስለማይሠራ የፒፒአር ጥገና ውሃና መብራት አንድ ላይ እስኪመቹ የሚጠበቅበት ጊዜ አለ።

ፍሳሽ

ከመጸዳጃ መቀመጫ የሚወጣው ቱቦ በተለምዶ 110 ሚሊ ሜትር፣ ከላቫንዲኖና ከወለል የሚወጣው 50 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ነው። የፍሳሽ መስመር ያልደረሰው ግቢ በጉድጓድ ወይም በሴፕቲክ ታንክ ይጠቀማል፤ ሲሞላ መጣጭ መኪና ይጠራል።

የወለል ሲፎን ውስጥ ያለው ጥቂት ውሃ የጉድጓዱን ሽታ ይከለክላል። ውሃ በጠፋበት ሳምንት ማንም ወለሉን አያጥብምና ሲፎኑ ይደርቃል፤ ቤቱም ይሸታል። ብዙ ሰው ይህን ጊዜ ቱቦው የተሰበረ መስሎት ባለሙያ ይጠራል፤ መድኃኒቱ አንድ ጣሳ ውሃ ማፍሰስ ነው።

ሙቅ ውሃ

ቦይለር ወይም የኤሌክትሪክ ሻወር የተለመዱ ናቸው። የቦይለሩ መግቢያ የኋሊት ከልካይና የግፊት ማስተንፈሻ ያስፈልገዋል፤ አለዚያ መስመሩ ባዶ ሲሆን የሞቀው ውሃ ወደ ኋላ ሊሸሽ ይችላል።

ባለሙያ መቅጠር

የቧንቧ ሙያ በቴክኒክና ሙያ ተቋማት ይሰጣል፤ የጨረሰውም ሲኦሲ በሚባለው የብቃት ምዘና ያልፋል። በጉለሌ ከሚታወቁት መካከል በ1946 እ.ኤ.አ. ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሆኖ ተከፍቶ ኋላ ወደ ቴክኒክ ትምህርት የዞረው ጄኔራል ዊንጌት አንዱ ነው። ይሁንና ከሥራ ላይ የተማረው ብዙ ነው፤ የምስክር ወረቀት መኖር እጅን፣ አለመኖሩም አለማወቅን በእርግጥ አያሳይም።

ባለሙያ የሚገኘው በሰው ነው። የዕድር ጓደኛ፣ ጎረቤትና የሕንፃ መሣሪያ ሻጭ ዋናዎቹ ጠቋሚዎች ናቸው። ሻጩ ሁሉንም የሰፈር ባለሙያ ያውቃል፤ ሆኖም ከእሱ መደብር ዕቃ የሚያስገዛውን ማስቀደሙ አይቀርም። ከሁሉ የሚሻለው ምስክር አሠርቶ ሁለት ክረምት ያሳለፈ ጎረቤት ነው። ያ ጎረቤት በአቀበቱ ላይ በተመሳሳይ ከፍታ ቢኖር ይመረጣል፤ ዝቅ ብሎ ላለ ቤት የሠራ ሰው ከላይ ላለው ቤት የፓምፕ ምክር ሲሰጥ ሊሳሳት ይችላልና።

ውሉ አብዛኛውን ጊዜ በቃል ነው። የእጅ ዋጋና የዕቃ ዋጋ ተለይተው ይነገራሉ፤ ዕቃውን ባለቤቱ ራሱ ሲገዛ ወይም ባለሙያውን ይዞ ሲሄድ ክርክር ይቀንሳል። ቀብድ መጠየቅ የተለመደ ነው። ከእጅ ዋጋው በላይ ለዕቃ የሚጠየቅ ቀብድ ግን በደረሰኝ ቢሆን ይሻላል። የሥራ ውል በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2610 ጀምሮ የተደነገገ ቢሆንም በአንድ ኤልቦ ጉዳይ ፍርድ ቤት የሚሄድ አይገኝም፤ የሚያስታርቀው ሽማግሌ ወይም የጠቆመው ሰው ነው።

ርክክቡ ከሁሉ የከበደው ክፍል ነው። መስመር ሲፈተሽ ከሚሠራበት ግፊት አንድ ጊዜ ተኩል በሚሆን ግፊት ተሞልቶ መቆየት አለበት። ለዚህ የእጅ መሞከሪያ ፓምፕ አለ፤ አንድ ጀሪካን ውሃ ይበቃዋል፤ የግፊት መለኪያው ቀስት ካልወረደ መስመሩ ደህና ነው። መሞከሪያው የሌለው ባለሙያ ሥራውን የሚጨርሰው ብዙ ጊዜ ውሃ በሌለበት ቀን ነው፤ ደረቅ መስመር ደግሞ አያፈስም። ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት ውሃ ካልገባበት ስህተቱ የሚገኘው ልስኑ ረጥቦ ሲያብጥ ነው። በዚህ ምክንያት ከእጅ ዋጋው የተወሰነው ውሃው እስከሚመጣበት ቀን ይያዛል፤ በዚያ ቀን ባለሙያው መጥቶ መዝጊያዎቹን አንድ በአንድ እየከፈተ መገጣጠሚያዎቹን በደረቅ ጨርቅ ይጠርጋል፤ ጨርቁ ካልረጠበ ቀሪው ይከፈለዋል። ውሃው ሌሊት ከመጣ ባለቤቱ ከቆጣሪው ቀጥሎ ያለውን ዋና መዝጊያ ዘግቶ ይተኛል፤ ታንከሩ የሚሞላው ባለሙያው ጠዋት ሲደርስ ነው።